ላስቲኩ ያልተነሳ ታብሌት

ለሁለተኛ ክፍል ልጆች የተላኩት ታብሌቶች ከመጡ ዓመት አለፋቸው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገላዬ ግን እንደ ታቦት ለክብር ቀን ብቻ ነው የሚያወጧቸው። የአምናዎቹ ልጆች ሳይነኳቸው ወደ ሦስተኛ ክፍል አለፉ። መምህርቷ «ኧረ ይማሩባቸው!» ባለች ቁጥር «የልጅ እጅ ምን ይታመናል፣ እህቴ!» ይሏታል።

ዛሬ ሱፐርቫይዘሩ ከወረዳ መጣና ታብሌቶቹ ከነላስቲካቸው ዴስኩ ላይ ተደረደሩ። መምህርቷ «ዛሬስ ጉዱ ይፈላል» አለች በልቧ።

«አንቺ ሚጣ፣ በዚህ ምን ተማርሽ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ አንዷን ልጅ።

«እንደማይነካ ተማርኩ» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ።

አቶ ገላዬን ላብ አጠመቃቸው። መምህርቷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ሱፐርቫይዘሩ አንዱን ታብሌት አገላብጦ አገላብጦ አየና የርዕሰ መምህሩን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ወረዳውን ሙሉ ስዞር አንድ ጭረት የሌለበት ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው! ሌላው ጋ ልጆቹ ሲነካኩ ጨርሰዋቸዋል።» ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞረ። «ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሥልጠና የምትሰጪው አንቺ ነሽ።»

«በምን ላይ፣ ጌታዬ?»

«በአጠቃቀሙ ነዋ!»