ድምፅ የሌላት መኪና

የዘይኑዲንን ግቢ የቆቦ ከተማ ሰዎች «ፋብሪካው» ይሉታል፤ ግማሹ አክብሮ፣ ግማሹ አሽሟጦ። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ብየዳና ሽቦ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ የጭነት መኪና እዚያ ይሠራል ቢባል ማን ያምናል?

የመጀመሪያዋ መኪና ዋጃ ሳትደርስ ባትሪዋ አለቀና በበሬ ተጎትታ ተመለሰች። ከተማው አንድ ሰሞን ሙሉ ሳቀ። ሁለተኛዋን ጦርነቱ በላት፤ ባትሪዋን ነቅለው፣ ሽቦዋን መዘው ወሰዱት። ሦስተኛዋ ግን፣ ማሻ አላህ! ሽንኩርት ጭና ጎብዬ ደርሳ ትመለሳለች፤ ደግሞ ኮሽ አትልም። ነዳጅ ፍለጋ ሰልፍ ላይ የሚውለው ሹፌር ሁሉ አፉን ከፍቶ አያት።

የአትክልት አምራቾች ማህበር ሰዎች ሐሙስ መጥተው ሊያዩዋት ቀጠሮ ያዙ። ከወደዷት ያዝዛሉ። ካልወደዷት ግቢው ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል። ዘይኑዲን ይህን ከማንም አልደበቀም።

የቃጭሉ ነገር የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። አንድ ጠዋት ከመኪናዋ የፊት ፓራውልት ሥር የግመል ቃጭል ታስሮ ተገኘ። ዘይኑዲን ፈትቶ ጣለው። በማግስቱ ሌላ ታሰረ። ሠራተኞቹ ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው።

«አላምረው ነው!» አለ ዘይኑዲን።

አላምረው አጥር ለአጥር ጎረቤቱ ነው። አሮጌ አይሱዙ ይነዳል፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ግመልህ ውሃ ጠጣች ወይ?» እያለ ይተርበዋል። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ከሰዓት በኋላ አባቱ ኑሀ እንደወትሯቸው አጥሩን ጥግ ጥጉን ይዘው መጡ። ግመሎቻቸውን ሸጠው ይህን ግቢ ያቆሙለት እሳቸው ናቸው፤ ሳይጎበኙት አይውሉም።

«አባ፣ አዲሱን ቀለም አዩት?»

ኑሀ መዳፋቸውን በመኪናዋ ጎን ላይ አሳለፉ። «ለስልሷል» አሉ።

«ይሄ አላምረው ግን ቃጭል እያሰረ መሳቂያ አደረገኝ።»

«ቃጭል ምን ክፋት አለው? ተወው፣ ይታሰር።»

«አባ ደግሞ! ድምፅ የላትም እያልኩ አይደል እንዴ የምሸጣት!»

ዘይኑዲን የአባቱን ፊት ልብ ብሎ አየ። «ከስተዋል፤ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት?»

«ሥራህን ጨርስ። በእኔ ነገር አትጓተት» አሉና በመጡበት ተመለሱ።

ሐሙስ ጠዋት ቃጭሉ እንደገና ታስሮ ነበር። የዘይኑዲን ደሙ ፈላ። ፈትቶ ጎረቤት ሄደና አላምረው እግር ሥር ወረወረው።

«እንጀራዬን ልትዘጋብኝ ነው አይደል?»

«ማርያምን! እኔ አይደለሁም!»

«ታዲያ ሰይጣን ነው ያሰረው?»

«እኔ የምቀልደው በአፌ ነው፤ በእጄ አልነካኋትም።»

ማን ይመነው! ዘይኑዲን ጀርባውን ሰጥቶት ወጣ።

እንግዶቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። የማህበሩ ሊቀመንበር ትርሲት ጋቢና ገባች፤ ዘይኑዲን ራሱ መሪውን ያዘ። በገበያው በኩል ዞሩ፣ አስፋልቱን ይዘው ወደ ግቢው ተመለሱ።

«ወይ ጉድ! ቆመን ነው እንዴ የምንሄደው?» አለች ትርሲት እየሳቀች። «በቃ፣ እናዝዛለን።»

«አልሃምዱሊላህ!» ዘይኑዲን በደስታ ወደ እሷ ዞረ። በዚያች ቅጽበት መኪናዋ በግቢው በር ላይ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨች።

ፍሬን ይዞ ዘሎ ወረደ። ኑሀ መሬት ላይ ተዘርረዋል።

«አባ! አባ! ፊት ለፊትዎ'ኮ ነው የመጣሁት! ምነው ዘወር ቢሉልኝ!»

ኑሀ በእጃቸው ፊቱን ዳስሰው አገኙት።

«ዘይኑ፣ ያሰርኩትን ቃጭል ፈታኸው እንዴ ልጄ? እኔ እንደሁ ማየት ካቆምኩ ሰነበትኩ።»