ከኋላ የሚይዝ ሰው

ገብረ ክርስቶስ ወሬውን ለኤምሪስ የነገረው በርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ካለው ዳቦ ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌው ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“የመነን አክስት አርፋለች። ደሴ ያለችው፣ ያሳደገቻት” አለ። ወዲያው አማተበ። “እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።”

ኤምሪስ ስኒውን አስቀመጠ። “መነን ሰምታለች?”

“አልሰማችም፤ መስማትም የለባትም። የግፊቷን ነገር ታውቃለህ። ዘመድ ከሩቅ እስኪመጣ እንጠብቅና ቅዳሜ በማለዳ ቤታችሁ ተሰብስበን እናረዳታለን።”

ኤምሪስ ዌልሳዊ ቢሆንም ከመነን ጋር ከተጋባ ወዲህ የሐበሻን የመርዶ ሥርዓት ተምሯል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ ይቆማል።

“ከኋላዋ ቆመህ የምትይዛት አንተ ነህ” አለ ገብረ ክርስቶስ። “እስከዚያው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁን። አንተ ተዋናይ ነህ፤ እኛ ብንሞክረው ፊታችን ያጋልጠናል። ሃንዲ ስልኮቻችሁንም ሰብስብና ዝጋ፤ ያንተንም ጭምር። ወሬ በየት ሾልኮ እንደሚገባ አይታወቅም።”

“ወንድሜ ግሊን ረቡዕ ረቡዕ ይደውልልኛል። ምን ልበለው?”

“እሱን ለእኛ ተወው” አለ ገብረ ክርስቶስ፤ ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ።

የኤምሪስን ችሎታ የሚጠራጠር የለም፤ ራሱ ኤምሪስ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ይጠራጠራል። የተወለደው ደቡብ ዌልስ፣ የከሰል ማዕድን መንደር ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሙ ግሊን ጉድጓድ እየወረደ ከሰል ቆፍሮ ለንደን ድራማ አስተማረው። መጀመሪያ መድረክ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ሆነ። በፖሊስ ድራማዎች ውስጥ መርማሪውን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚዋሸው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ፍራንክፈርት በእንግሊዝኛ ለሚቀርብ አንድ ቴአትር መጥቶ፣ ከተመልካቾቹ አንዷን አገባና እዚያው ቦርንሃይም ሰፈር ቀረ።

የሚዋሽ ፊት ከሩቅ እለያለሁ ይላል። ጉራ ብቻም አይደለም። ሰባ ዓመት ሲሞላው ወዳጆቹ በድብቅ ሊደግሱለት ቢያስቡ፣ ፊታቸውን አይቶ ከነኬኩ ዓይነት ነግሯቸው አሳፍሯቸዋል።

“መድረክ ላይ ስሆን ብቻ ነው ሰው የማይታየኝ፤ መብራቱ ዓይኔን ይወጋዋል” ይላል እየሳቀ።

በዚያው ቀን ሁለቱም ስልኮች “ተበላሹ”። ኤምሪስ ላሠራቸው ብሎ ወሰዳቸው። መነን ሳታቅማማ አስረከበችው። ስልክ ከእጇ ተለይቶ የማያውቅ ሴት እንዲህ በቀላሉ ስትሰጥ፣ ሰምታ ይሆን ብሎ መጠርጠር ጀመረ።

በማግስቱ የሚወደውን የበግ ወጥ ሠርታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እሷ አልበላችም።

“ብላ እንጂ፤ ጨምር” አለችው። ዓይኗ ቀልቷል።

“ዓይንሽ ምን ሆነ?”

“ፖለን ነው፤ የአበባ ብናኝ።”

በኅዳር ምን ፖለን አለ! ኤምሪስ ግን ፈገግ ብሎ መጉረሱን ቀጠለ። ሚናውን የሚያበላሽ ሰው አይደለም።

ሐሙስ ጎረቤታቸው ነርሷ ቤተልሔም በዚህ ሳልፍ ነው ብላ ገባች። ከቦርሳዋ የግፊት መለኪያ አውጥታ የኤምሪስን ክንድ አሰረች።

“ጋሽ ኤምሪስ፣ ኪኒንዎን በሰዓቱ እየዋጡ ነው አይደል?”

መነንን ሳትለካ ወጣች። ኤምሪስ ተናደደ። ዋናዋን ሰው ትታ እሱን መለካት ምን የሚሉት ነው? “ጀማሪ!” አለ በሆዱ።

ዓርብ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ጥቁር ኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል።

“ራይኒጉንግ፣ ልብስ ንጽሕና ቤቱ ሰጥቼልህ ነበር” አለች መነን ዞራ ሳታየው።

“ለምን?”

“አቧራ ይዞ ነበራ።”

ኮቱን ከለበሰው ዘመን አልፏል። አሁን ጥርጣሬው አለቀለት። መነን ታውቃለች፤ አንድ ሰው አፉን አልያዘም። ማን? ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ባህታን አየው፤ ጡረታ የወጣውን የትራም ሹፌር። ባህታ ወሬ አያድርበትም። ኤምሪስ እጁን ሲያነሳለት ባህታ እንዳላየ ሆኖ መንገዱን ተሻገረ። በቃ፣ እሱ ነው።

የዚያን ቀን ማምሻውን መነን ሶፋው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ደረቱ ላይ ፊቷን ደብቃ አለቀሰች። መርዶዋን ታውቃለች፤ ለእሱ ብላ ግን እንደማታውቅ ትሆናለች። በጣም አሳዘነችው። እሷ ከቻለች እሱ ሊያቅተው አይገባም። ጸጉሯን ዳበሰ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ደወሉ ጮኸ።

ገብረ ክርስቶስ ቀድሞ ገባ፤ ቤተልሔም ውሃ ይዛ ተከተለች። ባህታ አቀርቅሯል። ሌሎችም ጥቁር ለብሰው ድምፅ ሳያሰሙ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ኤምሪስ ተዘጋጅቷል። ከመነን ኋላ ቆመና ክንዶቹን ከፈት አደረገ።

ከሁሉም መጨረሻ ሻንጣ የያዘች ቀይ ጸጉር ያላት ወጣት ገባች። ሴረን ናት፤ የግሊን ልጅ። ከስዋንሲ ድረስ! ለመነን አክስት ብላ! ወንድሙ ልጁን እንዴት አድርጎ አሳድጓታል! የኤምሪስ ዓይን እንባ ሞላ። ግሊንም ከኋላዋ እየመጣ እንደሆነ ሊያይ አንገቱን ወደ በሩ አሰገገ።

መነን ከፊቱ ዞር ብላ ኋላው ቆመችና ሁለቱን ክንዶቹን አጥብቃ ያዘች።