የቀኙ

ከለቡ መብራት ኃይል እስከ ሀና ማርያም ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ ቢፈለግ ከእኔ ከራኬብ ወዲያ አይገኝም። ችግሩ፣ ሀይሌ ጋርመንት ያለችው ሰሀር የምትባለው ሃርድ ዲስክ ሻጭ ይሄን አልሰማችም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ኬላ ፈታሽ ትመረምረኛለች።

የመጣሁበት ጉዳይ ቀላል ነው። አባዬ የቤተ ክርስቲያናችንን ኳየር አሥራ ሁለት ዓመት ሲቀርጽ ኖሯል። ቪዲዮው በሙሉ ያለው ከዋይፋያችን ጋር በተገናኘ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሚይዝ ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንዱ ላይ ያለው ሌላውም ላይ አለ። ትናንት በአንደኛው በኩል ቀይ መብራት በራ። አባዬ ለባለሙያ እንስጠው ሲል፣ እኔ እያለሁ? አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን በሥርዓቱ አጠፋሁት። ከኋላው ገብቼ ገመዱን እየነቀልኩ የሞተው የቱ ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ አባዬ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ሶፋው ላይ እንደተጋደመ "የቀኙ" አለኝ። እዚያው እንደቆምኩ እጄን አሻግሬ የቀኙን መዘዝኩ። ንጹህ ካልሲ ውስጥ ከትቼ፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ሬሳም ቢሆን ክብር አለው።

ሰሀርን ስምንት ቴራ የሚይዘውን ዲስክ ስጪኝ እላታለሁ። ሳጥኑ ቀን ከሌት ነው የሚሠራው? ትለኛለች። እና መቼ ሊተኛ ነው? እላታለሁ። አትስቅም። ይሄ ማታ ማታ ለሚጠፋ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፣ አጠገቡ ሌላ ዲስክ እየተንቀጠቀጠ ያለ እረፍት ከሠራ ዓመት አይሞላም ብላ፣ ለእንደዚህ ዓይነት ሳጥን የተሠራ አራት ቴራ ፊቴ ታስቀምጣለች። በዚያው ዋጋ ግማሹን! በሸቅኩ።

"ቤት የቀረው ስንት ነው?"

"አራት።"

ታዲያ ስምንቱን ብገዛ ግማሹ ሥራ ፈቶ እንደሚቀመጥ፣ ሳጥኑ የሚይዘው በትንሹ ዲስክ ልክ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። አውቃለሁ አልኳት።

ስልኬ ጠራ። አባዬ ነው። ለእሁዱ የኳየሩ ምስረታ በዓል የድሮ መዝሙሮች ሊያወጣ ሳጥኑን አብርቶታል።

"ራኪ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ላጥፋው እንዴ?"

እንዳትነካው አልኩት። የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን እየሠራ ነው፣ ድካም ነው፣ ይለምደዋል። ስዘጋ ሰሀር አንገቷን አቅንታ እያየችኝ ነው።

የሞተውን አምጪው አለችኝ፤ ሙቀት ይሁን እርጅና የገደለው ልታይ። ገና መርማሪም ልትሆን ነው! ከካልሲው አውጥቼ ሰጠኋት። ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ የደህና ምልክት ወረደ። የአባዬ ፋይሎች በየዓመታቸው ተደርድረው መጡ።

ተሻለው እንዴ? አልኩ።

"ስታወጪው በየት በኩል ነበር የቆምሽው?"

"በኋላ በኩል።" ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀኝ እጄን አየሁት። ከዚያ ግራዬን።

ሰሀር ዲስኩን ቀስ ብላ ነቅላ ወደ ካልሲው መለሰችው።

"ደውዪና አባትሽን አጥፋው በዪው" አለችኝ። "በሽተኛውን ቤት ትተሽ ጤነኛውን ነው ሐኪም ቤት ይዘሽ የመጣሽው።"