ጭልፋ ላሿ

አማትየዋ የገዛ ቤቷ ሾርባ ካስጠላት ሰነባብቷል። ጠዋት የተሠራው ማታ ይጎመዝዛል። ላዩ ላይ አረፋ ይነሳል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ምራቅ የነካው ነገር ነው እንዲህ የሚሆነው» አለች ለልጇ። «ሚስትህ ጭልፋውን ትልስና መልሳ ድስቱ ውስጥ ትነክረዋለች።»

«እማዬ፣ አይተሻታል?»

«ማየት ምን ያደርግልኛል? ሆዴ ነግሮኛል!»

ልጅየው እናቱንም ሚስቱንም ይወዳል፤ ከሁለቱም አብልጦ ግን ሰላሙን ይወዳል። «በይ ማስረጃ አምጪ። ካመጣሽ ራሴ ወደ እናቷ ቤት እሸኛታለሁ» አላት።

አማትየዋ ይህን ቃል ጥርሷን ነክሳ ያዘች። ጋዜጠኛ የሆነው የእህቷ ልጅ ትንሽ የድምፅ መቅጃ ነበረው። ሄዳ ተዋሰችው።

«አክስቴ፣ ይቺን ስትጫኚ ይቀዳል፣ ይቺን ስትጫኚ ያሰማሻል። በቃ።»

ማታውን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ያልነካካችው ቁልፍ የለም።

በነጋታው መቅጃውን ከጨው ቆርቆሮው ጀርባ ሸጎጠችውና አስጀምራ ወጣች። ምራቲቱ ገባች። ሽንኩርት ከተፈች፣ ድስት ጣደች፣ አማሰለች። እሳቱን ቀንሳም ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ምሳ ሲደርስ አማትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ትንሽ ቆየችና መቅጃውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተመለሰች።

ሦስቱም ለምሳ ተቀመጡ። ልጅየው ወዲያው ሁለተኛ ሳህኑን ጀመረ።

«ብላ፣ ብላ» አለችው እናቱ። «እኔ ይሄን ጉድ አፌ አላስጠጋውም። ደግሞ ዛሬም ጨው አንሶታል።»

መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አስጀመረችው። የቢላ ድምፅ ተሰማ። ትዕግሥት የሚባል ስላልፈጠረባት የማሳለፊያውን ቁልፍ ተጭና ያዘች፤ ድምፁ እንደ ወፍ መንጋ ተንጫጫ። ስትለቀው ስክሪኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይላል። ክዳን ሲከፈት ተሰማ።

ከዚያ የመጣው ግን ለምሳ ጠረጴዛ የሚሆን አልነበረም። አንድ አፍ ከጭልፋው ፉት አለ። ምጥጥ አደረገ። ምላስ የጭልፋውን ጠርዝ ዞሮ ጠረገው። ጉሮሮ አክ አለ። ጭልፋው ጥልቅ! ተመልሶ ሾርባው ውስጥ። እንደገና ፉት፣ ምጥጥ። እንደገና ጥልቅ።

ልጅየው ማንኪያውን ወርውሮ፣ አፉን በመዳፉ አፍኖ ወደ መታጠቢያው ሮጠ። የበላው ሁሉ ሲወጣ ጠረጴዛው ድረስ ተሰማ።

«በቃ! ከዚህ በላይ አልሰማም!» አማትየዋ ማቆሚያውን ተጫነችና ስክሪኑን የምራቷ አፍንጫ ሥር አስጠጋችው። «ሁለት ደቂቃ ከአሥር! ገና እግሬ ከመውጣቱ! ያኔ ወጥ ቤት ማን ነበር? እስቲ ንገሪኝ!»

«እኔ ነበርኩ እማማ። ግን ያኔማ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፤ የምን ሾርባ ነበርና ነው የምልሰው?»

«ዝም በይ አንቺ ቆሻሻ! በጆሯችን ሰማን እኮ! አንቺ የነካሽውን ከምበላ የውሻ ሳህን ብልስ ይሻለኛል!»

ልጅየው አመድ መስሎ ተመለሰ። ሚስቱን ቀና ብሎ አላያትም። «ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት።

ምራቲቱ እያለቀሰች ልብሷን አጣጠፈች። ሻንጣዋን ጎትታ በሩ ጋ ስትደርስ ጋዜጠኛው መቅጃውን ሊወስድ ገባ።

«ምነው? ወዴት ነው?»

«ያዝኳት!» አማትየዋ በደስታ ልትፈነዳ ደርሳለች። «ይኸው፣ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ!»

ጋዜጠኛው ስክሪኑን አየት አደረገው። «የደቂቃ ማሳያውን ማን ቀየረው? አክስቴ፣ ይሄ እኮ ያለፈው ደቂቃ አይደለም። ቅጂው እስኪያልቅ የቀረው ነው።»

«ያለፈ የቀረ እያልክ አታደናግረኝ! ይልቅ አጫውተውና አንተም ስማው!»

አጫወተው። አፉ ፉት አለ፣ ምጥጥ አደረገ። ጭልፋው ጥልቅ አለ። ክዳኑ ተከደነ።

ከዚያም ያው አፍ ከንፈሩን ላስ ላስ አድርጎ፣ ሁሉም በሚያውቁት የአማትየዋ ድምፅ፣ «ነይ ውጪ አንቺ መቅጃ፣ ያቺን ቆሻሻ ዛሬ እናጋልጣት!» አለ።