ያለ ባላ

ባልቴቷ ባላውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ባላው ቅድመ አያቷ የሠራውን፣ እሷም ልጆቿን ሁሉ የወለደችበትን የእርሻ ቤት ማዕዘን ደግፎ ቆሟል። ጣሪያው ተቀዷል፣ ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል፤ ቤቱ የመንገደኛ ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ወደ መንገዱ አዘንብሏል። "እማማ፣ ይቺን እንጨት ለአንድ ደቂቃ ብቻ ያንሱልኝ" አለ ከከተማ የመጣው የቅርስ ባለሙያ፣ ካሜራውን እያስተካከለ። "ኮሚቴው ማየት የሚፈልገው ጥንታዊ ቤት ነው። ይሄ ባላ ትናንት የተቆረጠ ነው።"

"ልጄ፣ ቤቱን የያዘው እኮ እሱ ነው።"

"ይገባኛል። ግን ፎቶው ዛሬ ካልሄደ የጥገናው በጀት ለሌላ ቤት ያልፋል። ደግሞስ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆመ ቤት አንድ ደቂቃ ያቅተዋል?" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ በጀት የያዘ ሰው ሲስቅ ዝም አይባልም። ከዚያ የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ባላውን በቀስታ አወጣችው።

ካሜራው ቀጭ አለ። ቤቱ፣ እንደ ትሑት እንግዳ፣ ፎቶው እስኪያልቅ ታገሠ። ከዚያ ማዕዘኑ ተንበረከከ፣ ጣሪያው ተከተለው፣ አቧራው ሁለቱንም ሰዎች ዋጣቸው። ባለሙያው እያሳለው መጀመሪያ ያየው ካሜራውን ነበር። "ተመስገን፣ ፎቶው ወጥቷል!" አለ፤ ወዲያው ያለው ነገር ገብቶት አንገቱን ደፋ። ባልቴቷ ባላውን እንደታቀፈች ተጠጋችው። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ቤቷ ያለ ደጋፊ፣ ብቻውን ቆሟል።

"ልጄ" አለችው ስክሪኑን በጣቷ እያመለከተች፣ "እስቲ በሩን አቅርብልኝ።"