የተቀደዱት ኮቶች የት ሄዱ?

«የሰፋኸው ልብስ ተቀዶ ሲመጣ አትቆጣ። የት ጋ እንደተቀደደ እይና ለባሹን አመስግነው።»

ልብስ ሰፊው ይህን ከአባቱ አፍ እየሰማ ነው ያደገው...

ዛሬ ግን መንገድ መሃል ቆሞ የአንድ ተሸካሚ ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል።

«ይሄን ኮት ማነው የሰፋልህ?»

«ድልድዩ ማዶ ያለው ወጣት ሰፊ።»

«ከዳኸኝ በለኛ!»

የተሸካሚው ዓይን እንባ አቀረረ...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሰፊው የጫኝና አውራጆችን የሥራ ኮት ይሰፋል። ይህ ተሸካሚም ኮቱ በተቀደደ ቁጥር ይዞት ይመጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ደግሞ ብብቱ ጋ ለቀቀ!»

«አንተ ኮቱን ትለብሰዋለህ ወይስ ትታገለዋለህ?»

«ሲሚንቶውን እርስዎ ይሸከሙልኝና እኔ እንደ ሙሽራ ልልበሰው!»

ይሳሳቃሉ። ከዚያ ሰፊው የተቀደደውን በጣቱ ይዳብስና ቀጣዩን ኮት እዚያው ጋ ደረብ አድርጎ ይሰፋዋል።

አንዱ በመርፌ፣ አንዱ በትከሻ... ኮቱን ለሁለት ነበር የሚሠሩት።

ኋላ የሰፊው ልጅ ከሱቁ ፊት ሆኖ ደንበኛ መቀበሉን ተረከበ። አባት ጓዳ ከስፌት መኪናው ጋር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አንድም የተቀደደ ኮት አልመጣም...

«ተመስገን ጌታዬ! እጄን ባረክህልኝ» እያለ ሰፊው ጸለየ።

ቆይቶ ግን አዲስ ኮት የሚያዝም ጠፋ።

ለዚህ ነው ዛሬ ኮሌታ ያነቀው።

ተሸካሚው በመጨረሻ ተነፈሰ፦

«ጋሼ፣ እኔ መች ከዳሁ? የተቀደደውን ይዤ ስመጣ ልጅዎ ከበር መለሰኝ። ‹አባቴን አሰልችታችሁታል፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም› አለኝ። እርስዎ ያሉት መስሎኝ... አንጀቴ እያረረ ሄድኩ።»

የሰፊው እጅ ከኮሌታው ላይ ወደቀ።

የገዛ ልጁ!

ድልድዩን ተሻገረ። አይቶት የማያውቀው ወጣት የተቀደዱ ኮቶች ክምር መሃል ተቀምጦ ይሰፋል... ሁሉም አባትየው የሰፋቸው ናቸው!

«እነዚህን ስጠግን ነው የት ጋ መደረብ እንዳለበት የገባኝ» አለው ወጣቱ።

ወገኖቼ... ቅሬታውን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ገና አልተለየንም። ሥራውን አብሮን እየሠራ ነው። መፍራትስ ደጃፋችን ጭር ሲል ነው።

ለመሆኑ ከሃዲው ማነው? ተሸካሚው? ልጁ? ወይስ አባትየው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን፣ ሰፊው «ልጄ ጉድ ሠራኝ!» ብሎ ሲያለቅስ ያ የማያውቀው ወጣት የመለሰለትን ስሙ፦

«አባቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲጠፋብዎት... አንዱን እንኳ ሄደው ‹ምን ሆንክ?› አላሉትም?»