ያገር ቤት ቋጠሮ

ባሕር ማዶ የሚዘምተው ጦር ወደቡ ላይ ከሰፈረ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። መርከቡ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይባላል እንጂ ብቅ አላለም። ከፊት ባሕር፣ ከኋላ እሾህ ሽቦ፣ በመካከሉ ሰውን እንደ ሽሮ የሚያንተከትክ ሙቀት ነው። ፈቃድ የለም። ጉዞው ምሥጢር ነው ተብሎ ለቤተሰብ መጻፍም ተከልክሏል። ወታደር ይመኑን ከሁሉ ያንገበገበው ይሄኛው ነበር፤ እናቱ ደህና መሆኑን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያገሩ ልጅ አሥር አለቃ ጥላዬ ቋጠሮ አንጠልጥሎ ድንኳኑ ገባ።

«በባቡር የመጣ ነጋዴ በሽቦው አቀበለኝ። ደብዳቤም አለው፤ አንብብልኝ እስቲ» አለው።

ይመኑ ግን መጀመሪያ ቋጠሮውን ፈታ። ዳቦ ቆሎ ነው። አንድ እፍኝ ቃም ሲያደርግ፣ ጥቁር አዝሙዱ የማን እጅ እንደሆነ ነገረው።

«የእናቴ ነው» አለ እየሳቀ። «ለአለቃ የተላከ እንደማይፈተሽ ታውቃለች፤ ባንተ ስም ላከችልኝ።»

እንደገና ጉንጩ እስኪነፋ ቃመና ወረቀቱን ዘረጋ። የገዛ አባቱ ቃል ነበር። እያላመጠ ማንበብ ጀመረ።

«ለልጃችን ለጥላዬ። ይመኑ እዚያው ወደቡ ላይ በወባ ማለፉን ከሰማን ወዲህ እርማችንን አውጥተናል። ተዝካሩንም ባቅማችን ደገስን። ከድግሱ የተረፈውን ልከንልሃልና ቅመስለት፤ ነፍስ ይማር በልልን።»

ይመኑ የቃመውን መዋጥም መትፋትም አቃተው።